የ«ካል 40» ባለሸራ ጀልባ ንድፍና አመራረት፦ ሂሳዊ ዳሰሳ

ለውድድርም ለሽርሽርም እንዲሆን የሚሠራ ባለሸራ ጀልባ ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶችን በአንድ አካል ማስታረቅ ይጠበቅበታል፤ ተወዳዳሪው ክብደት እንዲቀነስ ሲሻ፣ ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ላይ የሚሰነብተው ግን መኝታ፣ ማብሰያና የውሃ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ ክብደት ናቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ኮስታ ሜሳ፣ ጄንሰን ማሪን በተባለ ፋብሪካ መመረት የጀመረው «ካል 40» ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ምላሾች መካከል በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ምስጋናው በአብዛኛው የሚሰጠው ለነዳፊው ለቢል ላፕዎርዝ ቢሆንም፣ የጀልባው ብርታትም ሆነ ድክመት ከንድፉና ከአመራረቱ ጥምረት የመነጨ መሆኑን መመርመር ተገቢ ነው።

ጀልባው 12 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከ6.8 ቶን ክብደቱ 2.7 ቶኑ ሸራው በነፋስ ሲገፋ እንዳይገለበጥ ከሥር የሚይዘው እርሳስ ነው። በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ የውቅያኖስ ተወዳዳሪዎች ከሥራቸው ረጅም ኪል፣ ማለትም ወደ ጎን መንሸራተትን የሚገታ ክንፍ መሰል አካል፣ ነበራቸው፤ መሪያቸውም ከዚሁ ኪል ጫፍ ጋር የተያያዘ ነበር። ላፕዎርዝ ኪሉን አሳጥሮ መሪውን ለብቻው ወደ ኋላ ወሰደው፤ በዚህም ውሃ የሚነካው ገጽ ስለቀነሰ ሰበቃው ቀለለ፣ መሪውም ከጀልባው መሐል ስለራቀ ማዕበል ከኋላ ሲገፋ አቅጣጫ የማስያዝ ጉልበቱ ጨመረ። ውሃን እየገፋ የሚጓዝ ጀልባ ፍጥነት ራሱ በሚፈጥረው ማዕበል የሚገደብ ሲሆን፣ ለዚህ ጀልባ ገደቡ 7.4 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ገደማ ነው፤ ሆኖም ቀላልና ሆደ ጠፍጣፋ በመሆኑ ማዕበሉ ላይ ተንሸራቶ ከገደቡ ያልፋል። ከሎስ አንጀለስ እስከ ሆኖሉሉ 2,225 የባሕር ማይል የሚሸፍነውና አብዛኛው መንገዱ በኋላ ነፋስ የሚካሄደው ትራንስፓክ ውድድር ለዚህ ባሕርይ የተመቸ በመሆኑ፣ «ካል 40» ጀልባዎች በ1965፣ በ1967 እና በ1969 የጀልባዎችን የአቅም ልዩነት አስልቶ በሚሰጠው አጠቃላይ ውጤት አሸንፈዋል።

ይህ ቅርጽ ከወረቀት ወደ ባሕር የወረደው በፋይበርግላስ አማካይነት ነው። በዚህ ዘዴ በቅድሚያ በሙሉ መጠን ከተሠራ ሞዴል ላይ ሞልድ፣ ማለትም ቅርጹን የሚያወጣ ጎድጓዳ እናት ቅርጽ፣ ይወሰዳል፤ ውስጡ በሰም ተወልውሎ ጄልኮት የተባለው የውጭ ሽፋን ከተቀባ በኋላ የመስታወት ጭረት ምንጣፍና ጨርቅ በፖሊስተር ሬዚን እየራሰ ይደራረባል። ሠራተኛው በሮለር የታመቀውን አየር ማስወጣት አለበት፤ የቀረ አረፋ ደካማ ቦታ ይሆናል፤ ሬዚን ሲበዛም ጥንካሬው ከመስታወቱ እንጂ ከሬዚኑ ስለማይመጣ ትርፉ ክብደት ብቻ ነው። ቀላልነትን የጀልባው መለያ ያደረገ ነዳፊ፣ እንግዲህ፣ ዓላማውን ለዚህ ሠራተኛ እጅ አደራ ሰጥቷል። ከዚያም የኮምፔንሳቶ መከፋፈያ ግድግዳዎች በፋይበርግላስ ጥብጣብ ይጣበቃሉ፤ በሌላ ሞልድ የተሠራው የላይኛው ወለልም ይከደናል። እርሳሱ በብሎን ከሥር ከመታሰር ይልቅ ከጀልባው አካል ጋር አብሮ በተቀረጸው ኪል ውስጥ መቀመጡ ንድፉ ለፋብሪካ ሥራ የታሰበ መሆኑን ያሳያል።

አንድ ሞልድ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ጀልባ ማውጣቱ ግን ስህተትንም ያባዛል፤ ወጪው የሚመለሰው በብዙ ሽያጭ በመሆኑ ቅርጹን ኋላ ማረም ያዳግታል። በኋላ ነፋስ ላይ ጀልባውን የሚያስፈተልከው ጠፍጣፋ ሆድ ነፋስን ተጋፍጦ ሲጓዝ ማዕበሉን በጥፊ እንዲመታ ያደርገዋል፤ ውስጥ የገባ ጥቂት ውሃም የሚጠራቀምበት ጥልቀት ስለማያገኝ ወደ ጎን ይፈስሳል። እነዚህ ጉድለቶች በውድድር ውጤት አይታዩም፤ ባሕር ላይ የሚያድረው ቤተሰብ ግን ይኖርባቸዋል። ስለሆነም «ካል 40» ተጋጪዎቹን ፍላጎቶች እኩል አስታርቋል ማለት ያስቸግራል፤ ለውድድሩ አድልቷል፤ ሞልዱም ያንን ምርጫ ለገዢው ሁሉ ቋሚ አድርጎታል።