ካርቶን የሌለው ጨዋታ፦ «የቤተሰብ ጨዋታ» በጀሞ ሳሎን

የበዓል ከሰዓት ነው፤ ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ የሳሎኑ መሀል ባዶ ሆኗል። ያለፈው ዓመት ካላንደር ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በጀርባው ከ1 እስከ 6 ተጽፎ እያንዳንዱ መልስ በወረቀት ቁራጭ ተሸፍኗል። የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ማማሰያ እንደ ማይክሮፎን ይዛ መሀል ቆማለች። ከፊቷ በርጩማ ላይ የድስት ክዳን ተደፍቷል፤ ክዳኑን ቀድሞ የመታ ይመልሳል።

ጥያቄው «እንግዳ በድንገት ቤታችሁ ቢመጣ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ክዳኑን ማንም ሳይመታ አያትየው ከተቀመጡበት ሆነው «እግሩን ማጠብ ነዋ» አሉ። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን አጣምረው «ኤክስ!» ብለው ጮኹ። «ማን ነው ኤክስ ያለው?» አሉ አያትየው። «መቶው ሰው ነው እማማ።» «መቶው ሰው እኔን ጠይቆኛል?»

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ የአያት ጥያቄ ነው። የቴሌቪዥን የውድድር ጨዋታ ወደ ቤት ሲገባ ደወሉ በክዳን፣ ሰሌዳው በካላንደር ሊተካ ይችላል። የማይቀለው ጉዳይ የመልሱ ባለቤትነት ነው። ትክክል የሚሆነው ማን ያለው ነው? ጨዋታውን ከቴሌቪዥን ወደ ቤት የሚያሻግር ሁሉ፣ ፋብሪካም ይሁን የ12 ዓመት ልጅ፣ ለዚህ ጥያቄ የሆነ መልስ መስጠቱ አይቀርም። የጀሞዋ ልጅ የሰጠችው መልስ ከፋብሪካው የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ።

በነፃነት ወርቅነህ አቅራቢነት በኢቢኤስ የታየው «የቤተሰብ ጨዋታ» መነሻው አሜሪካ ነው። «ፋሚሊ ፊውድ» የሚባለው ውድድር በማርክ ጉድሰንና በቢል ቶድማን ድርጅት ተዘጋጅቶ፣ በሪቻርድ ዳውሰን አቅራቢነት ሐምሌ 12 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. በኤቢሲ ቴሌቪዥን ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግን ከብዙ ውድድሮች ይለያል። ሁለት ቤተሰቦች፣ ከየቤተሰቡ አምስት አምስት ሰው ሆነው ይቀርባሉ። የሚጠየቁት እውነቱን አይደለም፤ አስቀድሞ ከተጠየቁ 100 ሰዎች ብዙዎቹ ምን እንዳሉ ነው። አንድ መልስ የሚያስገኘው ነጥብ ያንን መልስ የሰጡት ሰዎች ቁጥር ነው። የአንድ አገር ዋና ከተማ ብትጠየቅ አዋቂ ያሸንፋል። እዚህ የሚያሸንፈው ጎረቤቱን የሚያውቅ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ውድድር ወዲያው ካርቶን ውስጥ ከተቱት። ሚልተን ብራድሊ የተባለው የጨዋታ አምራች በ1977 እ.ኤ.አ. የቤት እትሙን አወጣ። ልምዱ ቀድሞም ነበረው። በ1961 በሲቢኤስ የጀመረውን «ፓስወርድ» በማግሥቱ ዓመት በካርቶን አቅርቦታል፤ በ1964 የጀመረውን «ጄፓርዲ»ንም ሳይውል ሳያድር አስከትሏል። በየስቱዲዮው የተሸነፈ ተወዳዳሪ ባዶ እጁን እንዳይሄድ የቤት ጨዋታው ካርቶን ማጽናኛ ሆኖ ይሰጠው ነበር። ቴሌቪዥኑ ጨዋታውን ያስተዋውቃል፣ ካርቶኑ ቴሌቪዥኑን ያስታውሳል፤ ንግዱ እንዲህ ተያይዞ ይሄድ ነበር።

ካርቶኑ ግን ሕመም ነበረበት። አንድ ጊዜ የተነበበ ካርድ አለቀለት። ሁለተኛ ሲመጣ መልሱ ይታወቃል፤ ስለዚህ አዲስ እትም መግዛት ግድ ይሆናል። «ፓስወርድ» ቁጥር 13ን በገደቢስነቱ ዘሎ እስከ 24ኛ እትም የተጓዘው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ካርዱን ይዞ የሚያነብ አንድ ሰው ከጨዋታው ውጭ ይሆናል። መልሱን ስለሚያይ አይወዳደርም። በካርቶኑ ጨዋታ አቅራቢነት ዕዳ ነው፤ ሰዎች በተራ የሚሸከሙት።

በጀሞ ያየሁት የዚህ ግልባጭ ነው። ማማሰያውን መያዝ ዋናው ሽልማት ነበር። ልጆቹ የተጣሉት በነጥብ አይደለም፤ ማን ነፃነት ወርቅነህን ይሁን በሚለው ነው። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ባሳተመው መጽሐፉ ጨዋታዎችን በአራት ይከፍላቸዋል፤ ፉክክር፣ ዕጣ፣ ማስመሰልና ማዞር። የካርቶኑ ጨዋታ ከቴሌቪዥኑ ላይ ፉክክሩን ገንጥሎ ወሰደ፤ ማስመሰሉን ስቱዲዮ ውስጥ ተወው። የጀሞ ልጆች ፉክክሩን ያዙ፣ ማስመሰሉን ደግሞ አነገሡት። የአቅራቢውን አረማመድ፣ ወደ ተወዳዳሪው ጠጋ ብሎ ዝም የሚልበትን ጊዜ፣ መልሱ ከመገለጡ በፊት ያለችውን ትንፋሽ ሳይቀር ያውቁታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ያስተማሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ሰላምታ ሲሰጡ፣ በየቤቱ ያለ ልጅ ከሳጥኑ ፊት ቆሞ ይመልስላቸው ነበር። ማንም አይሰማውም፤ ቢሆንም ይመልሳል። የኛ ቤት ቴሌቪዥንን አይቶ ብቻ ዝም ብሎ አያውቅም።

ከዚህም የሚቀድም ነገር አለ። ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት የነበረው የቤታችን የጥያቄ ውድድር እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ተጠያቂው። መልሱን ያጣ እንደሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተሸናፊውም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። አገሩን የተቀበለ ጠያቂ እዚያ ገብቶ የሚበላውን የሚጠጣውን ይዘረዝራል፣ ለሰጪውም ቀልድና ስድብ ያወርድበታል። ይህንን ከካርቶኑ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። እንቆቅልሹን ሁሉም ያውቀዋል፤ አያት መቶ ጊዜ ጠይቀውታል። ግን አያልቅበትም፤ ደስታው መልሱን በማግኘት ብቻ ሳይሆን አገር በመስጠትና በመቀበል ላይ ስለሆነ ነው። ሽልማቱ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ምሽቱን ሙሉ አገር ሲሰጥ ይመሻል፤ ጠዋት ሁሉም አገር በቦታው ነው።

በእንቆቅልሽ ግን መልሱ የጠያቂው ነው። እሱ «አይደለም» ካለ አይደለም። ይህ የሥልጣን ጨዋታ ነው፤ ታላቅ ታናሹን የሚፈትንበት። በፋብሪካው ጨዋታ መልሱ የካርዱ ነው። «የቤተሰብ ጨዋታ» ሦስተኛ መንገድ ያመጣል፤ መልሱ የሰፊው ሰው ነው። አያትየው የተቆጡት ለዚህ ይመስለኛል። በልጅነታቸው በተማሩት ጨዋታ የታላቅ ቃል ኤክስ አይባልም። አሁን ፊታቸው ላይ ስሙ የማይታወቅ መቶ ሰው ቆሞ አይሆንም አላቸው።

የእህቴ ልጅ ታዲያ መቶውን ሰው ከየት አመጣችው? ደብተሯን አሳየችኝ። ባለ መስመር ደብተር ነው፤ በየገጹ ራስ አንድ ጥያቄ፣ ከሥሩ መልሶች፣ ከየመልሱ ጎን አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች በአምስተኛው ተሰርዘው። ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ በር እያንኳኳች ጠይቃለች። በኮሙናሉ በግ ያሳርዱ የነበሩትን፣ ከሥር ያለውን ባለሱቅ፣ የጥበቃውን ሰውዬ ጠይቃለች። መቶ አልሞላም። «ግን ሁሉም እዚሁ የሚኖሩ ናቸው» አለችኝ፤ ይህን ስትል እንደ መከላከያ ሳይሆን እንደ ኩራት ነበር።

እዚህ ላይ ጀሞ ራሱ ይናገራል። ይህን ሰፈር የሞላው ሕዝብ በዝምድና ወይም በትውልድ አልተሰበሰበም። ጀሞ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ በር ከበር የሚገጥሙት ሰዎች ያንን በር ያገኙት ዕጣ ወጥቶላቸው ነው፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ተከራይተው። ካይዋ ዕጣ ያለው ነገር እዚህ ጨዋታ አልነበረም፤ ኑሮ ነበር። ባለዕጣው ጎረቤቱን አልመረጠም። ታዲያ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ የየበሩን ሰው «እንግዳ ቢመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ዕጣ ያገናኘው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቱ ወግ ይጠየቃል። በዚያ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ የተሰለፉት «ቤተሰቦች»ም የደም ቤተሰብ አልነበሩም፤ ሦስተኛ ፎቅና አራተኛ ፎቅ ነበሩ።

ይህን ሳደንቅ ጉድለቱን መሸፈን አልፈልግም። የቴሌቪዥኑ መቶ ሰው ስም የለውም፤ ስለዚህ ያሻውን ይናገራል፤ የውድድሩም ሳቅ የሚመነጨው ከዚያ ነው። የጀሞው ሰው ግን የሚያውቃት የጎረቤት ልጅ ቆማ ስትጠይቀው የሚያስመሰግነውን ይመርጣል። በደብተሩ የመጀመሪያው ረድፍ «ግባ ብሎ ማስቀመጥ» ነው፤ ሁለተኛው «ቡና ማፍላት»። «ቤት ማስተካከል» ከታች ነው፤ «ሱቅ ሄዶ መበደር» ያለ አንድም የለም። እኛ ሁላችን የምናደርገውን ማንም አልተናገረውም። ደብተሩ የሰፈሩን ኑሮ ሳይሆን ሰፈሩ ሊታይ የሚፈልገውን መልክ ነው የያዘው። ይህም ቢሆን ትንሽ ዕውቀት አይደለም፤ ግን ሌላ ዓይነት ዕውቀት ነው። ልጅቱ በወረቀት ጽፈው አጥፈው ሳጥን ውስጥ እንዲከቱላት ብታደርግ ኖሮ ሌላ ሰሌዳ ይወጣ ነበር።

ጨዋታው ባዕድ ነው፣ ባህላችንን ያጠፋል የሚል ክርክር በየመድረኩ እሰማለሁ። የዚያ ሳሎን ምስክርነት ከዚህ ጋር አይስማማም። «እግር ማጠብ» የሚለው መልስ ኤክስ ሲባል ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ «እማማ፣ ለምንድን ነው እግር የሚታጠበው?» አለ። አያትየው የእግር መንገደኛ በምሽት ሲመጣ ገበቴውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ውሃው ለምን ለብ እንደሚል፣ እንግዳው እንቢ ሲል ምን እንደሚባል ነገሯቸው። ጨዋታው ለሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። የተሳሳተው መልስ ከትክክለኞቹ ሁሉ የረዘመ ወሬ አመጣ። ካርድ የሚያነብ ሰው እዚያ ቢሆን ኖሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጨዋታ አሳትሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤቶች ለማቅረብ ለሚያስብ አሳታሚ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ከውጭ የተተረጎሙ የጥያቄ ካርዶችን በካርቶን አትሙሉ፤ በሦስተኛው በዓል ያልቃሉ። በምትኩ ባዶ ደብተር፣ እርሳስና የታጠፈ መልስ የሚከተትበት ትንሽ ሳጥን አስገቡ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ጥያቄው ከቤቱ ታላቅ ሰው እንዲጀመር ጻፉበት።