ሚሚን ገና ዛሬ አየኋት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሳልናገረው ማደር የማልችለው ነገር አግኝቻለሁ፦ ፎቶ ላይ የድመትን ዓይን በጥቂቱ ማተለቅ! ድመታችን ሚሚ ስድስት ዓመት አብራን ኖራለች፤ ፊቷን ያየሁት ግን ዛሬ ማታ ነው።

መሣሪያው ጊምፕ ይባላል። በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ነው፤ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ እንኳ እንደ ውሃ ይሄዳል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዕትሙ «ዋርፕ ትራንስፎርም» የሚባል ነገር ገብቶበታል፤ የ«ደብልዩ»ን ቁልፍ ስትጫኑ ይመጣል። «ግሮው ኤሪያ»ን መርጣችሁ፣ ብሩሹን ከዓይኗ ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ፣ ብሌኗ ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ዓይኗ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ኩፍ ይላል። ወደ «ሽሪንክ ኤሪያ» ዞሬ አገጯን ትንሽ ሰብሰብ ሳደርገው ደግሞ፣ ጎረቤቱን ሁሉ የምታስፈራራው ሚሚ ዓይኗን ከገለጠች ሳምንት ያልሞላት ግልገል ሆና ቁጭ አለች። ጮህኩ። እውነት ጮህኩ!

ይህ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል፦ ከሰውነት አንጻር ትልቅ የሆነ ራስ፣ ሰፊ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሞላ ያለ ጉንጭ የሕፃን ምልክቶች ናቸው፤ እንስሳ ላይም ስናያቸው አንጀታችን ይላወሳል። ድመት እነዚህን ሁሉ ይዛ ነው የተፈጠረችው። ብሩሹ ያለውን ገለጥ ያደርገዋል እንጂ ከሌላ ቦታ አያመጣም።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችስ! ጻድቃኑን ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አድርገው ሲሥሉ፣ ክፉዎቹን ግን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን ሲተዉአቸው፣ ፊት የሚናገረው በዓይን መሆኑን ያለ ኮምፒዩተር ያውቁታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየኋቸው ሥዕሎች ዛሬ በድመት በኩል ገቡኝ።

መጠኑን ማወቅ ግን ግድ ነው። ጆሮዋን አብዝቼ ብጎትተው የሌሊት ወፍ ሆነች፤ ኃይሉን ቀንሼ፣ አንድ በአንድ እየነካሁ ስሠራው ነው ያማረው። ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳም፤ ዓይኗ አድጎም ያ የሚሚ ንቀት፣ ያ «ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው አስተያየቷ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም በእጥፍ ሆነ!

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ቀን ያነሣችሁትን ፎቶ አትጠቀሙ፤ በብርሃን የድመት ብሌን ጠቦ እንደ ክር ይሆናል፣ ሲያተልቁትም አያምርም። ሲመሽ ግን ብሌኗ ክብ ሆኖ ይሰፋል፤ ተፈጥሮ ራሷ ግማሹን ሥራ ሠርታ ትጠብቃችኋለች። ፍላሽ ይቅር፤ ዓይኗ አረንጓዴ ያንጸባርቃል።

እባካችሁ ዛሬ ማታ ድመታችሁን መብራቱ ደብዘዝ ካለበት ቦታ፣ ከፊት ለፊቷ ተንበርክካችሁ አንሡ። ዋናውን ፎቶ ለብቻው አስቀምጡት፤ ቅጂውን ክፈቱና ከዓይኗ ጀምሩ።