ከጭቃው እስከ ጥያቄው፦ የቼሳፒክ የመስክ ትምህርት መመሪያ ሲፈተሽ

ቼሳፒክ ቤይ በአሜሪካ ወንዝና ባሕር ከሚደባለቁባቸው ውሃዎች ሁሉ ትልቁ ነው። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ስድስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሳስኩዌሃና፣ ፖቶማክ፣ ጄምስና ሌሎችም ወንዞች ጨው የሌለበትን ውሃ ያመጣሉ፤ በደቡብ በኩል አትላንቲክ ጨዉን ይዞ ይገባል። ስድስት ስቴቶችን በሚነካው፣ ዋሽንግተን ዲሲንም በሚያቅፈው በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም የሚኖረው እዚሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ላይ የጣለ ዝናብ በስላይጎ ክሪክ አድርጎ አናኮስቲያ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ ፖቶማክ፣ ከዚያ ቤይ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምፈትሸው መመሪያ የብዙ አንባቢዎቼን ልጆች በቀጥታ ይመለከታል።

መመሪያው «ትርጉም ያለው የተፋሰስ ትምህርታዊ ልምድ» ለተባለው አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ መምህራን በምሕጻረ ቃሉ «ሚዊ» ይሉታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈረመው የቼሳፒክ ስምምነት ነው። ፈራሚዎቹ በ2005 ከሚመረቁት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ አንድ ጊዜ ወደ ቤዩ ወይም ወደ አንድ ጅረት ወጥቶ እንዲማር ቃል ገቡ። በ2011 ሜሪላንድ የአካባቢ ትምህርትን ለምረቃ ግዴታ በማድረግ ከስቴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። የ2014ቱ ስምምነት ደግሞ ግቡን ከፍ አድርጎ አንድ በአንደኛ ደረጃ፣ አንድ በመካከለኛ፣ አንድ በሁለተኛ ደረጃ እንዲሆን አለ። መመሪያው ለሦስቱም እርከኖች ያገለግላል። እኔ የማየው ከትንንሾቹ ወገን ሆኜ ነው፤ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጅ ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ሲቆም ይህ ሰነድ ምን ይሰጠዋል?

ትልቁ ጥንካሬው ጉብኝትን እንደ ሽርሽር አለማየቱ ነው። ጉዳዩን መለየት፣ ወደ መስክ መውጣት፣ ከተገኘው ተነሥቶ መደምደሚያ ላይ መድረስ፣ ከዚያም አንድ ነገር ማድረግ፦ ሚዊ በእነዚህ አራት ክፍሎች ላይ ይቆማል። የውሃ ዳሩ ቀን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ልጆቹ አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት ጥያቄ ይዘዋል። «በትምህርት ቤታችን ግቢ የሚወርደው ውሃ ለዓሣዎቹ ይስማማቸዋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅና ምሳውን ይዞ ብቻ የመጣ ልጅ አንድ ወንዝ ዳር ቢቆሙም አንድ ነገር አያዩም። ብዙ የተፈጥሮ ትምህርት ሰነዶች ልጁን ካስደነቁ በቂ ነው ብለው ያቆማሉ። ይኼኛው ከመደነቅ አልፎ ልጁ የራሱን መደምደሚያ በማስረጃ እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅም ይህንኑ መጠየቁ ትልቅ አክብሮት ነው።

የመስኩን ቀን እንየው። ሁለት ልጆች የመረቡን ሁለት እንጨት ይይዛሉ። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይጎትታሉ። የመረቡ የታች ጠርዝ መሬት ካልነካ ዓሣው በሥር ያመልጣልና አስተማሪዋ «ዝቅ! ዝቅ አድርጉት!» ትላለች። መረቡ አሸዋው ላይ ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚታየው ቅጠልና ጭቃ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭቃው መንቀሳቀስ ይጀምራል፦ ሆድ ዕቃዋ ከውጭ የሚታይ ትንሽ ሽሪምፕ፣ ጎኑ ላይ የብር መስመር ያለው ጣት የማያክል ዓሣ፣ ወደ ጎን የሚሮጥ ሰማያዊ ሸርጣን። ሸርጣኑ ከኋላ በኩል ተይዞ ይገለበጣል። ሆዱ ላይ ያለው ክዳን ቀጭንና ሹል ከሆነ ወንድ ነው፤ የአካባቢው ልጆች የዋሽንግተን ሐውልትን ይመስላል ይላሉ። ሰፊና ክብ ከሆነ ለመውለድ የደረሰች ሴት ናት፤ ያ ደግሞ የካፒቶል ጉልላት ነው። የሴቷ መቆንጠጫ ጫፉ ቀይ ነው።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ሬፍራክቶሜትር በሚባለው መሣሪያ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ይደረግና ወደ ብርሃን ዞሮ ይታያል፤ ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር የጨዉን መጠን ይናገራል። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ሳስኩዌሃና በሚገባበት ጫፍ ያለው ውሃ ግን ጨው የለውም ማለት ይቻላል። የልጁ ቁጥር በሁለቱ መካከል ሲወድቅ የሁለቱን ውሃዎች መደባለቅ በገዛ ዓይኑ አነበበ ማለት ነው። የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይህን አይተካም።

በብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን ቤት ሸርጣንም፣ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳም ማዕድ ላይ አይቀርቡም። ለሌላው የሜሪላንድ ልጅ ሸርጣን ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ፣ ቀይ ሆኖ፣ ቅመም ተነስንሶበት የሚያውቀው ምግብ ነው። የእኛ ልጅ ግን ከነሕይወቱ፣ በሥራው ላይ ሳለ ያገኘዋል። ኦይስተርንም የሚያውቀው ውሃ ሲያጣራ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ኦይስተር ሁኔታው ከተመቸው በቀን እስከ 50 ጋሎን፣ ማለትም 190 ሊትር ገደማ ያጣራል። የደፈረሰ ውሃ በሁለት የመስታወት ገንዳ ቀርቦ በአንደኛው ኦይስተሮች ሲገቡበት፣ ልዩነቱን ለማየት የትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ይበቃል። እንስሳውን ከምግብነቱ ውጭ ማወቅ ለዚህ ትምህርት ጥሩ መነሻ ነው፤ መምህራን ቢጠቀሙበት እወዳለሁ።

ድክመቱ የሚጀምረው ልጆቹ «አንድ ነገር ማድረግ» ሲኖርባቸው ነው። የቤዩ ዋና ሕመም የናይትሮጅንና የፎስፎረስ መብዛት ነው። ከእርሻ፣ ከፍሳሽ፣ ከሣር ሜዳ የሚታጠበው ማዳበሪያ አልጌን ያፋፋል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ በበጋ በጥልቁ ውሃ ዓሣና ሸርጣን የማይኖሩበት ቀጣና ይፈጠራል። ልጆቹ ይህን ተምረው፣ ለክተው፣ ደምድመው ሲያበቁ በብዙ ክፍል የሚከተለው ፖስተር መሥራትና ጠርሙስ መልቀም ነው። ጠርሙስ መልቀም መልካም ሥራ ነው፤ ናይትሮጅንን ግን አይቀንስም። መመሪያው ተግባሩ ከመደምደሚያው እንዲመነጭ ይፈልጋል፤ ከመደምደሚያው ጋር የማይገናኘውን ተግባር የሚያግድበት ጥብቅ መስፈርት ግን አላስቀመጠም። ሊከተሉት የሚገባ ምሳሌ እዚያው ሜሪላንድ አለ፦ ተማሪዎች የውሃ ውስጥ ሣር በክፍላቸው ገንዳ አሳድገው ወደ ቤዩ ወስደው የሚተክሉበት ፕሮግራም። ሣሩ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ደለል ያረጋል፣ ለትንንሽ ሸርጣኖች መጠለያ ይሆናል። እዚህ ላይ የተማሩትና ያደረጉት አንድ ነው።

የልኬቱ ነገርም ያሳስበኛል። ልጅ በአንድ ቀን የወሰደው ቁጥር የሚነጻጸርበት ከሌለው ቶሎ ይረሳል። የሜሪላንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት በርኒ ፋውለር ለዚህ ቀላል መፍትሔ አሳይተዋል። በወጣትነታቸው ፓቱክሰንት ወንዝ ውስጥ እስከ ደረታቸው ገብተው እግራቸውን ያዩ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ በጁን ወር ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ጫማቸው እስኪሰወር ድረስ ውሃው ውስጥ እየገቡ ጥልቀቱን ያስለኩ ነበር። በ2021 እስኪሞቱም የወንዙ ተሟጋች ነበሩ። መሣሪያው ጫማ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል፤ የዘንድሮውን ካለፈው ዓመት ጋር ያስተያያል። ለትንንሾቹ የምመክረው እንዲህ ያለውን፣ ከዓመት ዓመት በአንድ ቦታ የሚደገም ልኬት ነው።

ሌላው ችግር ከመመሪያው በላይ ያለው ስምምነት ነው። የ2014ቱ ሰነድ በየእርከኑ አንድ ሚዊ ብሎ ግብ ካስቀመጠ በኋላ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ማሰሪያ ጨምሮበታል። አውቶቡስ፣ ተተኪ መምህርና ቦት ጫማ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በዚያች ማሰሪያ በኩል መጀመሪያ የሚወጡት ገንዘብ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። አፈጻጸሙ የሚታወቀውም የትምህርት ዲስትሪክቶች በፈቃዳቸው ስለራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ነው። የልጆችን መብት ያህል ነገር በዚህ መንገድ መመዘን አይበቃም።

ከሁሉም የሚከፋኝ የወላጅ አለመኖር ነው። ከአራቱ ክፍሎች ሌላ አራት ደጋፊ አሠራሮች አሉ፤ መምህሩን መደገፍ፣ ከክፍል ትምህርት ጋር ማዋሐድ፣ ከአካባቢው መነሣት፣ ቀጣይነት። ከስምንቱ ርዕሶች አንዱም ስለ ወላጅ አይደለም። ጣና ዳር ያደገች እናት የእምቦጭን መስፋፋት ዓይታለች፤ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ውሃ ላይ ምን እንደሚያበቅል ከማንም በተሻለ ለልጇ ማስረዳት ትችላለች። አዋሽ ዳር ያደገ አባት ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ልጁ «ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ እጁ ላይ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ዋና ዋና መልእክቶቻቸውን በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ወላጁን ለትምህርቱ መጋበዝ የቋንቋ ችግር አይደለም ማለት ነው።

መመሪያው እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩበትም ለትንንሽ ልጆች ከማውቃቸው የመስክ ትምህርት አሠራሮች ጠንካራው ነው፤ ልጁን እንደ ጠያቂ ያከብረዋልና። የፈቃድ ወረቀቱ ቤታችሁ ሲደርስ ፈርሙ፤ ሥራችሁ ከፈቀደም አብራችሁ ለመሄድ ተመዝገቡ፤ ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን አዋቂ አጃቢ ይፈልጋሉ። ልጁ ከነጭቃው ሲመለስም ምን አገኛችሁ፣ ከዚያስ ምን ልታደርጉ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ መምህሩን ጠይቁ።