የአንዲት ገጽ ድካም

በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆነ። ዛሬ በዚሁ የስድስት ኪሎ ግቢ በር ላይ ሻንጣ የያዙ አዲስ ተማሪዎች ሲሰለፉ ሳይ፣ ሬጅስትራር የሚያዘጋጃትን የትምህርት ዘመን ካሌንደር በልቤ አመሰግናለሁ።

ምዝገባ፣ ፈተና፣ ምረቃ፤ ሁሉም በአንዲት ገጽ ላይ ሰፍሯል። ገጿን እውን ለማድረግ ግን ስንቱ ይደክማል! ሬጅስትራሩ ቀን ሲቆርጥ የተማሪዎች አገልግሎት ዶርም ይደለድላል፣ ካፌው የወር አስቤዛውን ያሰላል፣ ትምህርት ክፍሎች መምህር ይመድባሉ፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። በየዓመቱ ቀኑ የሚለዋወጠው ፋሲካና በጨረቃ የሚወሰነው ኢድ እንኳ አይዘነጉም።

ተማሪው ይህን ሁሉ አያይም። የሚያየው የተከፈተ በር፣ የተነጠፈ አልጋና ሰዓቱን ጠብቆ የሚገባ መምህር ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ሆናችሁ ይህን የምታሰናዱ ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ!