መቀሌ፦ ገበያና ሰው ያቆማት ከተማ

ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ መቀሌን መናገሻቸው ሲያደርጓት፣ ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ቤተ መንግሥታቸውን በድንጋይ አነጸላቸው። ዛሬም ግርማው አልደበዘዘም። ከተማዪቱን ያሳደጋት ግን ዙፋን ብቻ አይደለም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በበራህሌ በኩል ሽቅብ የሚወጣው አሞሌ ጨው ገበያዋን አደመቀው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ መቀሌ መናገሻነቷን አጣች፤ ገበያዋ ግን አልተፈታም፤ ነጋዴውም አልራቃትም።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 96,938 የነበረው ነዋሪዋ፣ በ1999ኙ 215,914 ደረሰ፤ በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ከየወረዳው ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት አለ፤ ዩኒቨርሲቲዋ ከየክልሉ የሳበው ተማሪም አለ።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ትምህርት ቤቶቿ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ነዋሪው ራሱ ባንክ ተዘግቶበት፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦበት ሳለ ያለውን ተካፍሏል። መቀሌን ከሁሉ በላይ የማደንቃት በዚህ ነው፤ በክፉ ቀን ለመጣባት እንግዳ በሯን አልዘጋችም።