እትዬ ለምኔ ሶፍትዌር ሲያስተምሩ

ታናሽ ወንድሜ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ «ማስታወሻ የማደራጅበት ነገር ፈልጊልኝ» አለኝ። እኔ ራሴ ለዓመታት የተጠቀምኩበትን ቲድሊዊኪን ሰጠሁት። በሳምንቱ «እንዴት ነው?» ስለው «አሪፍ ነው» አለ። እኛ ቤት «አሪፍ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «አልገባኝም፣ ግን አትጠይቂኝ» ማለት ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ አየሁት። «ፊዚክስ» ብሎ ርዕስ ጽፎ ትቶታል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር አንድ ጥያቄ ጣለብኝ። ሶፍትዌር ለማስተማር ቀልደኛ ገጸ ባሕርያትን መጠቀም መቼ ይሠራል? መቼስ ያስጠላል?

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቲድሊዊኪን ጀረሚ ረስተን የሚባል እንግሊዛዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2004 ለቀቀው። የግል ዊኪ ነው። ሶፍትዌሩም ማስታወሻችሁም አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በፍላሽ ይዛችሁት ትዞራላችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። የምትጽፉት በረጅም ገጽ ሳይሆን ቲድለር በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ቃሉ በእንግሊዞች አነጋገር ትንሽዬ ዓሣ ማለት ነው። ትንንሾቹን ዓሦች በሊንክና በታግ እያያያዛችሁ የራሳችሁን መረብ ትሠራላችሁ።

ዋናው መመሪያም ራሱ ቲድሊዊኪ ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፣ ለጀማሪ ግን ፈተና። በፈለጋችሁበት በር ትገባላችሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ትክክል ነው፤ ግን የሚያወራው ሌሎቹን ቁርጥራጮች ላነበበ ሰው ነው። ሞቶቩን ጃክ የሚባል የድመት ግልገል አርማው ነው፤ በጣም ደስ ይላል። ጃክ ግን ያያል እንጂ አይናገርም። ለወንድሜ የጎደለው አብሮት የሚሄድ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ አንድ ፋይል አዘጋጅቼ ሁለት ሰዎች አስገባሁበት። አንዷ እትዬ ለምኔ ናቸው፤ የሰፈር ሱቅ አላቸው፣ የዱቤ ደብተር ይዘዋል፣ አዲስ ነገር ባዩ ቁጥር «ለምኔ?» ይላሉ። ሌላው ቸኮለ ነው፤ ሳያነብ ይጫናል፣ ከዚያ ይደነግጣል። በየማብራሪያው ጎን የእነሱን አስተያየት ጻፍኩ፣ በስማቸውም ታግ አደረግኩት። ሥሩ ላይ ደግሞ «አንድም» የሚል ባዶ ቦታ ተውኩ። ከአንድምታ መምህራን የሰረቅኩት ነው፤ እነሱ አንድ ትርጉም ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያስቀምጣሉ፣ የመጀመሪያውን ሳይሰርዙ።

ለምሳሌ የአንዱን ቲድለር ይዘት ሌላው ውስጥ ጠርቶ ማሳየት ይቻላል። መመሪያው ትራንስክሉዥን ይለዋል። እትዬ ለምኔ ግን እንዲህ አሉ፦ «ስኳር በጨመረ ቁጥር አሥራ ሁለት ቦታ ልሰርዝ ነው?» መልሱ አጭር ነው። ዋጋውን አንድ ቲድለር ላይ ይጻፉት፤ ሌላው ቦታ ሁሉ የቲድለሩን ስም በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያስገቡት። አንዱን ሲቀይሩ ሁሉም ይቀየራል።

በራሴ ኮርቼ ነበር። ቆይ ግን፣ ከእኔ በፊት ይህን የሞከሩ አሉ።

ማይክሮሶፍት በኦፊስ 97 ያመጣውን የወረቀት ማያያዣ፣ ክሊፒን፣ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ደብዳቤ ስትጀምሩ ዓይኑን እያንከባለለ ብቅ ይልና ልርዳችሁ ይላል። አንዴ ያስቃል። መቶኛው ደብዳቤ ላይም ያንኑ ይላል። በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ሳይጠራ እንዳይመጣ ተደረገ፣ በኦፊስ 2007 ጭራሽ ተሰናበተ። ቀልዱ ነው የጣለው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የጣለው አዋቂነቱ ነው። እሱ ሁልጊዜ ያውቃል፣ እናንተ ሁልጊዜ አታውቁም፤ ፈገግታው ደግሞ ነገሩን አባሰው።

የተሳካላቸውን ተመልከቱ። «የማንጋ መመሪያ ለዳታቤዝ» የሚባለው የጃፓን መጽሐፍ ውስጥ ልዕልት ሩሩና የአገሯ የፍራፍሬ ንግድ መረጃ በየክፍሉ ተደጋግሞ ተመዝግቦ ግራ ገብቷት እናገኛታለን። አታውቅም፣ አለማወቋንም አትደብቅም። እኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቴሌቪዥን ያየናት ቀጭኔ ፀሐይ አለች። የፕሮግራሙን ስም ልብ በሉት፦ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። ማስተማር ትወዳለች አይልም።

እነዚህን አይቼ የእኔዎቹም አላዋቂ ስለሆኑ ተሳክቶልኛል አልኩ። አልተሳካልኝም። ችግሩ ሁለት ነበር።

አንደኛው የቅርጽ ነው። ሩሩና የምትማረው በምዕራፍ ነው፤ መጀመሪያ ያልገባት መጨረሻ ላይ ይገባታል። ዊኪ ውስጥ ግን ቀዳሚ ገጽ የለም። እትዬ ለምኔ አንዱ ቲድለር ላይ ስለ ታግ ሌክቸር ሰጥተው፣ በሚቀጥለው ክሊክ «ታግ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው መሰሉ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከማንጋ ሳይሆን ከአለቃ ገብረ ሐና ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ናቸው፣ እኛ ግን ይበልጥ የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። የእሳቸውን ቀልዶች ማን በቅደም ተከተል ሰምቶ ያውቃል? አንዱን ለቅሶ ቤት፣ ሌላውን ታክሲ ውስጥ ትሰማላችሁ። አለቃ ከቀልድ ወደ ቀልድ አያድጉም፣ አይለወጡም። የምናውቃቸው በጠባያቸው ነው፤ ከየትኛውም ብትጀምሩ እሳቸው መሆናቸው አይጠፋችሁም። እያንዳንዱ ቀልድ ራሱን የቻለ ቲድለር ነው እኮ! ስለዚህ የዊኪ ገጸ ባሕርይ መማር የለበትም፤ ጠባይ ብቻ ይበቃዋል። «ለምኔ?» ያላወቀ ሰው ብቻ አይጠይቀውም፣ ያወቀም ይጠይቀዋል። እትዬ ለምኔን እንደገና ስጽፋቸው ከ«ምንድን ነው?» አወጣኋቸውና «ለምኔ?» ላይ ብቻ አቆምኳቸው።

ሁለተኛው ችግር የቅርጽ አልነበረም።

ወንድሜ ፋይሉን ከፍቶ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ስለ ሴቭ የጻፍኩት ጋ ደረሰ። ቲድሊዊኪን በተራ ብራውዘር ሴቭ ስትሉት አዲስ ኮፒ ዳውንሎድ ያደርጋል። እዚያ ላይ ቸኮለ ሦስት ፋይል አውርዶ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ጠፍቶት ጭንቅላቱን ይዞ ይጮኻል። ወንድሜ ቀና ብሎ «ቸኮለ እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እውነት ነው፣ እሱን ነበር የጻፍኩት። ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ሲሳቅበት አይተን ያደግን ነን፤ እጃችንን ማውጣት የተውነው በዚያ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ ክፍል ሥዕል ጨምሬበት እቤት አመጣሁለት። ክሊፒን ስተች በሌላ በር ገብቼ ክሊፒ ሆኜ ነበር።

አለማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው የሚሳቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። የአለቃ ቀልድ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በመኳንንቱ ላይ ነው፣ ለዚህም ነው የምንወዳቸው። እትዬ ለምኔም የሚያላግጡት በሶፍትዌሩ ነው። በቸኮለ ጊዜ ግን የምንስቀው በተማሪው ላይ ነበር። የሴቩን ገጽ ለእሳቸው ሰጠሁት፦ «እኔ ሱቅ አስቀምጥ ባሉት ቁጥር አዲስ ደብተር የሚገዛ ሠራተኛ ቢኖር አንድ ቀን አያድርም! በሉ፣ አንድ ፎልደር ያዙ፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ ተኩት።» ትምህርቱ ያው ነው። ያፈረው ግን ሶፍትዌሩ ነው።

ቸኮለን ወንድሜ ራሱ አጠፋው። ታጉን ተጭኖ ዝርዝሩን አወጣና አንድ በአንድ ሰረዘው። ዝም ብዬ አየሁት።

ከወር በኋላ ፋይሉን አሳየኝ። እትዬ ለምኔ ታግን ከሱቃቸው መደርደሪያ ጋር አመሳስለውት ነበር። ሥሩ፣ ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ፣ በወንድሜ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «አንድም፦ መደርደሪያ አይደለም። አንድ ሳሙና ሁለት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፣ አንድ ቲድለር ግን ሁለት ታግ ይኖረዋል። ቅጽል ስም በሉት።»

ልክ ነው። እትዬ ለምኔ ተሳስተዋል፣ ማለትም እኔ ተሳስቻለሁ። የእሳቸውን አልሰረዘውም፤ ከጎኑ ነው የጻፈው።