የመጨረሻው መለከት ድምፁ ምን ይመስላል?

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 15 ላይ፣ ሙታን የሚነሡት መለከት ሲነፋ ነው ይላል። ይህንኑ ቃል ሁለት ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን በየዘመናቸው ዜማ አልብሰውታል። ከየድርሰታቸው የሚሰማን መሣሪያ ግን አንድ አይደለም።

ሃንደል ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ነው። በ1741 እ.ኤ.አ. ለደረሰው «መሲሕ» ቃሉ የተወሰደው ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነውና፣ ከባስ ድምፃዊው ጋር የሚነፋው ትራምፔት ነው፤ ብሩህ፣ የድል አዋጅ የመሰለ። ብራምስ በበኩሉ በ1868 እ.ኤ.አ. ብሬመን ካቴድራል ውስጥ ባሰማው «የጀርመንኛ ፍትሐት» የሉተርን ትርጉም ተከተለ። ሉተር የጻፈው «ፖዛውነ» ብሎ ነው። ይህም በዛሬው ጀርመንኛ ትሮምቦን ማለት ነው። በድርሰቱ ስድስተኛ ክፍል ትራምፔቶች አልቀሩም፤ ሦስቱ ትሮምቦኖችና ቱባው ግን ከሥር ሆነው ምድሪቱ ራሷ የምትከፈት ያስመስሉታል። ጀርመን የተወለደው ሃንደል ትራምፔትን መምረጡ እንደሚያሳየው፣ ልዩነቱን ያመጣው የደራሲው ደም ሳይሆን የተርጓሚው ቃል ነው።

ታዲያ ሉተር ተሳስቷልን? የቃሉን የዘር ሐረግ እንይ። «ፖዛውነ» የመጣው በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ሮማውያን ይነፉት ለነበረው መሣሪያ መጠሪያ ከሆነው «ቡኪና» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። ሊቃውንት የዚህን ሥር ከ«ከብት»ና ከ«መዘመር» ጋር ያያይዙታል። የከብት ቀንድ መሆኑ ነው። ኋላ በ15ኛው መቶ ዓመት ተንሸራታች ቱቦ ያለው መሣሪያ ሲስፋፋ ስሙን ወረሰ። ሉተር ደግሞ የኢያሪኮን ግንብ ያፈረሱትን የበግ ቀንዶች በዚሁ ስም ጠራቸው። ከቀንድ የተነሣው ቃል ዞሮ ዞሮ ወደ ቀንድ ተመለሰ። መልኩ ቢለያይም ሥሩ አልዋሸም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመረጠው «መለከት» የሚለውን ነው፤ ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር የሹማምንትን ክብር ያበስር የነበረውን መሣሪያ። ተርጓሚዎቻችን «ጡሩንባ» ቢሉትስ ኖሮ? የከተማ ሰው ማለዳ የእድር ጡሩንባ ሲነፋ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ትንሣኤን የሚያበስረው ቃል መርዶ በሆነብን ነበር።

የመሣሪያ ስም ሲተረጎም «ያው የሚነፋ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል ብቻ አይደለም፤ ድምፅም ጭምር ነው።